ልጄ በመጫወቻ ተጎዳብኝ፣ ምን ላድርግ? ደሴና ኮምቦልቻ ያሉ ወላጆች ደጋግመው የሚጠይቁት

ዒድ ሲደርስ የደሴ ፒያሳ አስፋልት ዳር መጫወቻ በመጫወቻ ይሆናል። ሸራ ይዘረጋል። ሸራው ላይ ሽጉጡ፣ የሚዘፍነው ስልክ፣ ጭራውን የሚቆላው ውሻ፣ ፊኛው ይደረደራል። ለገናና ለጥምቀትም ያው ነው። ልጅ እጅ እየጎተተ ያለቅሳል፣ ወላጅ ዋጋ ይከራከራል፣ ይገዛል።

ይህን ለመጻፍ ምክንያት የሆነችኝ የእህቴ ልጅ ናት። በእሷ ከደረሰው ወዲህ ጎረቤትም፣ የመሥሪያ ቤት ሰውም፣ አንዴ እንዲያውም የባጃጅ ሾፌር ሳይቀር ጠይቆኛል። የጠየቁኝን ሰብስቤ እነሆ። ሐኪም አይደለሁም፣ ጠበቃም አይደለሁም። ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ስለ ግዢ ደረሰኝ ማውራት ከጀመርኩ የማላቆመውም ለዚህ ነው።

ልጁ አሁን፣ በዚህች ደቂቃ ተጎድቷል። ከምን ልጀምር?

ከልጁ። መጫወቻውን ከእጁ ውሰዱና ከፍ ያለ ቦታ አስቀምጡት። አትስበሩት፣ አትጣሉት። ለምን እንደሆነ ወደ ታች እመጣበታለሁ። ከዚያ ልጁ እየተነፈሰ ነው? እየደማ ነው? የዋጠው ነገር አለ? እነዚህን ሦስቱን እዩ። "ማን ገዛው? ማን ሰጠው?" የሚለው ጭቅጭቅ ማታ ይደርሳል።

ባትሪ የዋጠ ከመሰለኝስ?

ይሄኛው ላይ ትንሽ እቆያለሁ። የኛም ነገር ይሄ ስለነበር።

የእህቴ ልጅ ያኔ ሁለት ዓመት ከአራት ወሯ ነበር። አያቷ ለዒድ የምትዘፍን የፕላስቲክ ስልክ ገዙላት። ቁልፉ ሲነካ ይበራል፣ ይዘፍናል። ከሰዓት በኋላ ልጅቱ ለሃጯ መዝረብረብ ጀመረ። ምግብ እምቢ አለች። ውሃ ስትሰጣት ፊቷን ታዞራለች። አያቷ "እንጥሏ ወርዶ ነው" አሉ። አንዲት ጎረቤት ደግሞ "ጉሮሮዋን አሟት ነው፣ አብሽሩ፣ ያልፋል" አለች። ማንም ስልኳን አላየም። ማታ እህቴ ቤት ስታነሳሳ ስልኳ መዝፈን አቁማለች። ገልብጣ ስታያት የጀርባዋ ክዳን የለም። ከሦስቱ የሰዓት ድንጋይ አንዱ የለም።

ሐኪም ቤት ራጅ ተነሳች። ክብ ነገር ጉሮሮዋ ላይ ቁጭ ብሏል። ባትሪዋ በመሣሪያ ወጣችላት። ዛሬ ደህና ናት። እንጀራ ስትጎርስ ግን እስካሁን እያላመጠች፣ እያላመጠች ነው የምትውጠው።

እንግዲህ የተማርኩትን ልንገራችሁ። ሳንቲም የምትመስለው ክብ ባትሪ ጉሮሮ ላይ ከቀረች በሁለት ሰዓት ውስጥ ሥጋን ክፉኛ ታቃጥላለች። ምግብ መውረጃውን እስከ መብሳት ትደርሳለች። የሚያቃጥለው ውስጧ ያለው ፈሳሽ ሾልኮ ብቻ አይደለም። ባትሪዋ እርጥብ ሥጋ ሲነካት ኤሌክትሪክ ታስተላልፋለች፤ በዚያው የነካችው ቦታ ላይ እንደ በረኪና የሚያቃጥል ነገር ይፈጠራል። ስለዚህ "አልቃለች፣ ምንም ኃይል የላትም" ብላችሁ አትናቁ። ስልክ ማብራት ያቃታት ባትሪ ልጅ ለማቃጠል አቅም አላት።

ከጠረጠራችሁ ሳታዩም ቢሆን ሂዱ። "ዋጠ ወይስ አልዋጠም?" እያላችሁ ሶፋ ሥር ስትፈልጉ ሰዓቱ ይሄዳል። እንዲያስመልስ ጣት አትክተቱ፣ ጨው በውሃ አታጠጡ።

ማርን በሚመለከት፣ አዎ፣ የሰማችሁት እውነት ነው። ልጁ ከአንድ ዓመት በላይ ከሆነ፣ ከዋጠ 12 ሰዓት ካልሞላው፣ መዋጥም ከቻለ፣ መንገድ ላይ እያላችሁ በየ10 ደቂቃው 10 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ሁለት የሻይ ማንኪያ ማር መስጠት ይመከራል። እስከ ስድስት ጊዜ ድረስ። ማሩ ባትሪዋን ይሸፍናል፣ ቃጠሎውን ያዘገያል። ወሎ ማር አይጠፋም፣ ግን ማር ፍለጋ ከመንገድ አትውጡ። ቤት ካለ ማሰሮውን ይዞ መሮጥ ነው። ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ማር አይሰጥም። ማሩ ሐኪም ቤትን አይተካም፣ ጊዜ ብቻ ይገዛል።

ሐኪሙ ፊት ስትደርሱ መጀመሪያ የምትሉት "ባትሪ ሊሆን ይችላል" የሚለውን ይሁን። ራጅ ላይ ባትሪና ሳንቲም ይመሳሰላሉ። ባትሪ ጠርዙ ላይ ድርብ ክብ ያሳያል። ያንን አይቶ ለመለየት ግን ሐኪሙ መጠርጠር አለበት። የቀሩትን ባትሪዎች ካገኛችሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ መጠኗ ይታወቃል።

ማግኔት ከሆነስ?

አንድ ማግኔት ብዙ ጊዜ አልፎ ይወጣል። ሁለትና ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው። አንዱ በአንደኛው የአንጀት እጥፋት፣ ሌላው በሌላኛው ሆነው ይሳሳባሉ። መሃል ያለውን አንጀት ጨምቀው ይበሱታል። ልጁ ለአንድ ቀን ምንም ላይመስል ይችላል። "በሰገራ ይወጣል" ብላችሁ አትጠብቁ፣ ራጅ ይታይ።

ዓይኑ ላይ የተተኮሰበትስ?

ትንንሽ ክብ ጥይት የሚተፋው የፕላስቲክ ሽጉጥ የዒድ ሰሞን ንጉሥ ነው። እኔ በግሌ እጠላዋለሁ። ጥይቷ ከምስር ብዙም አትበልጥም፣ ጉዳቷ ግን ዓይን ውስጥ ነው።

ዓይኑን አታሹት፣ አትጫኑት። የእናት ጡት ወተት፣ የሻይ ውሃ፣ የቤት ጠብታ አይገባበትም። የተሰካ ነገር ካለ አትንቀሉት። ዓይኑን ሳይነካ የሚከልል ነገር አድርጉበት፤ የወረቀት ኩባያ ታች ወይም ንጹሕ የቡና ሲኒ ደፍቶ ዙሪያውን በፕላስተር መያዝ ይቻላል። ልጁ ተንጋሎ ይተኛ። የገባው ፈሳሽ ከሆነ ደግሞ፣ ለምሳሌ ከሚያበራ ዘንግ የወጣ ወይም ከባትሪ ያንጠባጠበ፣ በተቃራኒው ነው። በንጹሕ ውሃ 15 እስከ 20 ደቂቃ እጠቡ፣ ከዚያ ሂዱ።

ዓይን ነገ የሚባል ነገር አይወድም። መቅላቱ ቢቀንስ እንኳ ውስጡ ደም ሊኖር ይችላል።

አንቆት መተንፈስ አቅቶታል

እያሳለ፣ እያለቀሰ፣ ድምፅ እያወጣ ከሆነ እንዲያስል ተዉት። ድምፅ ከጠፋ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ እናንተ ግቡበት።

ከአንድ ዓመት በታች ከሆነ ክንዳችሁ ላይ በደረቱ አስተኙት፣ ጭንቅላቱ ዝቅ ይበል። በመዳፋችሁ ተረከዝ በትከሻዎቹ መሃል 5 ጊዜ ምቱ። ካልወጣ ገልብጡትና በሁለት ጣት የደረቱ አጥንት ላይ 5 ጊዜ ተጫኑ። ከአንድ ዓመት በላይ ከሆነ ጀርባውን 5 ጊዜ መትታችሁ፣ ካልወጣ ከኋላው ሆናችሁ ከእምብርቱ ከፍ ብሎ በጭብጣችሁ ወደ ውስጥና ወደ ላይ 5 ጊዜ ግፉ። እየቀያየራችሁ ቀጥሉ፤ ሌላ ሰው አምቡላንስ ይጥራ። የማይታይ ነገር ፍለጋ ጣት አትክተቱ፣ ይበልጥ ወደ ውስጥ ይገባል።

የፈነዳ ፊኛ ቁራጭን በተለይ ፍሩ። ጉሮሮ ላይ እንደ ፌስታል ይለጠፋል፣ ለመምታትም ለመግፋትም ያስቸግራል። ፊኛ ሲፈነዳ ቁራጩን ወዲያው ልቀሙ።

ቁስልና ቃጠሎ ላይ ቡና ወይም የጥርስ ሳሙና ላድርግ?

አይ። ለሚደማ ቁስል ንጹሕ ጨርቅ አድርጎ 10 ደቂቃ ሳይከፍቱ መጫን። ለቃጠሎ 20 ደቂቃ የሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ። ቡና ዱቄት፣ ቅቤ፣ ሊጥ፣ ኮልጌት፣ ሁሉም ይቅር። ሐኪሙ መጀመሪያ እሱን ነው የሚፍቅላችሁ፣ ልጁም የሚጮኸው ያኔ ነው። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባቱ የተሟላ መሆኑን ጠይቁ፤ የክትባት ካርዱን ይዛችሁ ሂዱ።

የት ልውሰደው?

የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። እውነቱን ለመናገር ግን ልጁን አቅፎ ባጃጅ መያዝ የሚፈጥንበት ጊዜ አለ። ቆም ብላችሁ አስቡ፣ አንገት ወይም ጀርባ ካልተጎዳ በቀር ቶሎ የሚያደርሳችሁን ያዙ።

ደሴ ላይ ከባዱ ነገር ወደ ደሴ ኮምፕሪሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ነው። ብዙዎቻችን እስካሁን "ሪፈራል" እያልን የምንጠራው። ለዓይን ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ስሙ የታወቀ ነው፤ ከደሴ ወደ ሰሜን ብዙም አይርቅም። ኮምቦልቻ ያላችሁ፣ ባትሪ ወይም ማግኔት ከሆነ ራጅ ያለበትን ቅርብ ቦታ በስልክ አጣሩ። ወደ ደሴ ከሆነም ሳትውሉ ሳታድሩ ዳገቱን ውጡ። ያ ጠመዝማዛ መንገድ በከባድ መኪና ሲዘጋጋ ስንት ሰዓት እንደሚበላ ታውቃላችሁ።

መጫወቻውን ምን ላድርገው?

እዚህ ጋ ነው እኛ የተሳሳትነው። የእህቴ ባል ከሐኪም ቤት ሲመለስ ያቺን ስልክ አንስቶ ግድግዳ ላይ ሰባበራት። ስብርባሪዋ በጠዋት ከቆሻሻ ጋር ሄደ። አልፈርድበትም። እኔም ብሆን ሳላደርገው አልቀርም ነበር። በሦስተኛው ቀን ሻጩ ጋ ሄድን። ሰውየው ተቆጥቶም አይደለም፣ በእርጋታ "የትኛው ስልክ? እስቲ አሳዩኝ" አለን። የምናሳየው ነገር የለንም። "ከእኔ መግዛታችሁን በምን አውቃለሁ?" አለ። መልስ አልነበረንም። ነገሩ እዚያው አለቀ።

ስለዚህ መጫወቻው እንዳለ ይቀመጥ። አትጠቡት፣ አትጠግኑት፣ "እስቲ ይሠራ እንደሆነ" ብላችሁ አትሞክሩት። የተሰበረው ቁራጭ፣ ብሎኑ፣ ባትሪው፣ ካርቶኑ፣ ላዩ ላይ ያለው ወረቀት ሁሉ በአንድ ፌስታል ውስጥ ይግባ። ቀኑን ጽፋችሁ እሰሩት። ልጆች የማይደርሱበት ቁም ሣጥን ላይ ይቀመጥ።

ከመታሰሩ በፊት ፎቶ አንሱ። አንዱ ሙሉውን፣ አንዱ የተበላሸውን ቦታ ከቅርብ፣ አንዱ ካርቶኑ ላይ ያለውን ጽሑፍና ባርኮድ። ቻይንኛውን ማንበብ ባትችሉም አንሱት። ጉዳቱንም በየቀኑ አንሱ። ሻጩ "ስጡኝና ላኪው ጋ ልላከው" ካለ መጫወቻውን አትስጡ፣ ፎቶውን ስጡ።

ሐኪም ቤት ምን ወረቀት ልቀበል?

ካርዱ ላይ የጉዳቱ መንስኤ እንዲጻፍ ጠይቁ። "ባዕድ ነገር ዋጠች" እና "ከመጫወቻ የወጣ ባትሪ ዋጠች" ፍርድ ቤት ፊት አንድ አይደሉም። የራጁን ፊልም፣ የመድኃኒት ደረሰኝ፣ የአልጋ ክፍያ፣ የትራንስፖርቱን ሳይቀር አስቀምጡ። ከሥራ የቀራችሁበትን ቀን ጻፉ። ጉዳዩ ወደ ፖሊስ ከሄደ ፖሊስ ራሱ ለሐኪም ቤቱ ደብዳቤ ጽፎ የሕክምና ማስረጃ ያስመጣል።

ደረሰኝ የለኝም። አበቃልኝ ማለት ነው?

አላበቃም፣ ግን ይከብዳል። አስፋልት ዳር ደረሰኝ የሚሰጥ የለም። እኔ ደረሰኝ ደረሰኝ ስል ቤተሰቤ ይስቅብኛል፣ እስኪቸግራቸው ድረስ።

ደረሰኝ ከሌለ ሌላውን ሰብስቡ። በቴሌብር ወይም በባንክ ከከፈላችሁ መልእክቱ ስልካችሁ ላይ አለ። አብሯችሁ የነበረ ሰው ምስክር ነው። ሱቁ ውስጥ ያው ዕቃ አሁንም ተሰቅሎ ካለ ፎቶ አንሱት። አቅም ካለ አንድ ሌላ ግዙና በዚህኛው ደረሰኝ ተቀበሉ። ዕቃው እዚያ ይሸጥ እንደነበር በደንብ ያሳያል።

ተጠያቂው ማነው? ሻጩ፣ አስመጪው ወይስ ቻይና ያለው ፋብሪካ?

ፒያሳ ሸራ ላይ ያለው ልጅ መጫወቻውን አልሠራውም። ከጅምላ ሻጭ ነው የወሰደው፣ ጅምላ ሻጩም ብዙውን ጊዜ ከመርካቶ። ሕጉም ይህን ሰንሰለት ያውቃል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ለደረሰበት ጉዳት ካሳ የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል፤ ከአምራቹና ከአስመጪው ጀምሮ እስከ ቸርቻሪው በአቅርቦቱ ውስጥ ያለፉትን በአንድነትም በተናጠልም መጠየቅ ይቻላል። ከእነሱ ውስጥ ልታገኙት የምትችሉት፣ አድራሻ ያለው፣ ንግድ ፈቃድ የሰቀለው ማን እንደሆነ እዩ።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2085 ደግሞ ስለ አምራች ይናገራል። ዕቃ ሠርቶ ለትርፍ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው፣ ዕቃው በተለመደው አኳኋን ሲሠራበት ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። ግን ማምለጫም አለው፤ ጉድለቱ በተለመደ ፍተሻ ሊታይ የሚችል ከነበረ ኃላፊነቱ ይቀራል። ለዚህ ነው ዕቃ ሲገዛ ገልበጥ አድርጎ ማየት ለልጁም ለክሱም የሚጠቅመው።

የት ነው አቤት የምለው? ጊዜውስ?

ገንዘብ ለማስመለስ ወይም ዕቃ ለመቀየር ብቻ ከሆነ በዚሁ አዋጅ መሠረት ከገዛችሁበት ቀን ጀምሮ 15 ቀን አላችሁ። አጭር ነው። ሐኪም ቤት ስትመላለሱ ያልቃል። ስለዚህ አንዱ የቤተሰብ ሰው ሻጩ ጋ ሄዶ ያስታውቅ።

ለከተማው ንግድና ገበያ ልማት መምሪያ ደግሞ በጽሑፍ አመልክቱ። ደሴም ኮምቦልቻም አለ። ኮፒው ላይ "ገቢ" የሚል ማኅተምና ቀን ሳታስመቱ አትውጡ። ማመልከቻው ገንዘብ ባያመጣላችሁ እንኳ ያው ዕቃ ሌላ ልጅ እጅ እንዳይገባ ያደርግ ይሆናል። በሰው ላይ ከባድ ጉዳት ከደረሰ ለፖሊስም።

የካሳ ክስ ለፍርድ ቤት የሚቀርበው ጉዳቱ በደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ ነው፣ አንቀጽ 2143። ልጁን ወክሎ የሚከሰው ወላጅ ወይም ሞግዚት ነው። ጠበቃ የማይቻል ከሆነ ወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ጎራ ብላችሁ ስለ ነጻ የሕግ ድጋፍ ጠይቁ። የዳኝነት ክፍያ መክፈል የማይችል ሰው በነጻ ክስ እንዲመሠርት የሚፈቀድበት ሥርዓትም አለ።

ስንት ይከፈለኛል?

ለወጣ ወጪና ወደፊት ለሚመጣ ጉዳት የሚታሰበው በደረሰው ልክ ነው፤ ሕክምናው፣ መመላለሱ፣ ልጁ አካሉ ጎድሎ ከቀረ የሚያጣው ገቢ። ደረሰኛችሁ የሚናገረው እዚህ ላይ ነው።

ለኅሊና ጉዳት ግን ልባችሁን አዘጋጁ። አንቀጽ 2116 ጣሪያውን 1,000 ብር ላይ አቁሞታል። በ1952 ዓ.ም. ሺህ ብር ትልቅ ገንዘብ ነበር። ዛሬ ያቺን የምትዘፍን ስልክ ሁለት ይገዛ እንደሆነ እንጃ።

ሽማግሌ ገብቶ እንስማማ ቢሉስ?

ጥሩ ነው። በወሎ ደንብ ሰው ቤት ድረስ ሽማግሌ ልኮ "ይቅርታ" ሲል እምቢ ማለት ይከብዳል፣ ደግሞም ከፍርድ ቤት ምልልስ ይሻላል። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ። ልጁ ሕክምናውን ሳይጨርስ "ከእንግዲህ ምንም አልጠይቅም" የሚል ወረቀት ላይ አትፈርሙ። የዕርቅ ስምምነት በተዋዋዮቹ መካከል እንደ መጨረሻ ፍርድ ይቆጠራል። ባትሪ ያቃጠለው ጉሮሮ ከሳምንታት በኋላ ሊጠብ ይችላል። ያኔ ተመልሶ መጠየቅ አይቻልም። "እስካሁን ላወጣነው ይህን ያህል ተቀብለናል፣ የቀሪው ሕክምና ወጪ በሻጩ ነው" ተብሎ ይጻፍ። ሽማግሌዎቹም በምስክርነት ይፈርሙ።

"ልጁን ያላየኸው አንተ ነህ" ይሉኛል

ይላሉ። ሻጩም ይላል፣ አማት ታክልበታለች። ካርቶኑ ላይ ከ3 ዓመት በታች ክልክል የሚለው ምልክት ካለ፣ ማለትም በቀይ ክብ ውስጥ የተሰረዘ የሕፃን ፊት፣ ለሻጩ ጥሩ መከራከሪያ ይሆነዋል። ምልክቱ ከሌለ ግን ለእናንተ ነው የሚያገለግለው። የባትሪ ክዳኑ ያለ ካቻቢቴ የሚከፈት የሕፃን መጫወቻ ደግሞ አንድ ልጅ ለአፍታ ስትዘናጉ እንደሚከፍተው ሠሪው ማወቅ ነበረበት። ልጅ ላይ ዓይኑን ሃያ አራት ሰዓት የሚተክል ወላጅ የለም።

አያቷ እስከ ዛሬ "እኔ ነኝ የገዛሁት" ይላሉ። ስልኳን የሠሯት እሳቸው አይደሉም።

ቤት ያሉትን ሌሎች መጫወቻዎች እንዴት ልፈትሽ?

የሶፍት ጥቅል ሲያልቅ የሚቀረውን ካርቶን አትጣሉት። በቀዳዳው የሚያልፍ መጫወቻ ወይም ቁራጭ ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሆንም። የአሻንጉሊቱን ዓይን በሁለት ጣት ያዙና ሳብ አድርጉት፤ ከተነቀለ ልጁም ይነቅለዋል። የሚዘፍነውንና የሚበራውን ሁሉ ገልብጡ፣ ክዳኑ ላይ ብሎን አለ? ብሎን ከሌለ በጠንካራ ፕላስተር ጠቅልሉት፣ ወይም ባትሪውን አውጥታችሁ ዝም የሚል መጫወቻ አድርጉት።

ሲ እና ኢ የሚሉትን ሁለት የላቲን ፊደላት አይቶ የሚረጋጋ አለ። ምልክቱን ብዙ ጊዜ የሚለጥፈው አምራቹ ራሱ ነው፣ ማኅተም አትሞ መለጠፍ ደግሞ ማንንም አያቅተውም። እኔ ከምልክቱ ይልቅ ብሎኑን አምናለሁ።

ባለፈው ዒድ የእህቴ ልጅ ሌላ ስልክ አምጡ አለች። አያቷ ፒያሳ ወርደው ሸራው ፊት ቁጢጥ አሉ። መነጽራቸውን አድርገው እያንዳንዱን ስልክ እየገለበጡ ጀርባውን አዩ። ሻጩ ልጅ "እማማ፣ ምን ጠፋዎት?" አላቸው። "ብሎን" አሉት። ከሸራው አንድም አልተገኘም። ኳስ ገዝተውላት ተመለሱ።